ታሪፍ፦ ከወደብ ሰሌዳ እስከ ዋይት ሐውስ

ዶናልድ ትራምፕ በጥቅምት 2024 ቺካጎ ውስጥ በአንድ የኢኮኖሚ መድረክ ላይ ቀርበው፣ በመዝገበ ቃላት ካሉት ቃላት ሁሉ የሚያምረው «ታሪፍ» ነው አሉ። ንግግሩ ሲያስተቻቸው ትንሽ አፈገፈጉ። እግዚአብሔር፣ ሃይማኖትና ፍቅር ይቅደሙ፣ ታሪፍ አራተኛ ይሁን አሉ። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ከዜና ወርዶ አያውቅም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ግን ቃሉን ከትራምፕ አልተማርነውም። አዲስ አበባ ላይ ታክሲ የሚሳፈር ሁሉ ያውቀዋል። ነዳጅ ሲጨምር አዲስ ታሪፍ ይወጣል። ረዳቱ ካስበለጠ ተሳፋሪው «ይሄ እኮ ከታሪፍ በላይ ነው» ብሎ ይሟገታል። የመብራት ታሪፍ አለ፣ የውኃ ታሪፍ አለ፣ የስልክ ታሪፍ አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቃሉ የሚነግረን አስቀድሞ ተወስኖ ለሁሉም የተነገረ ዋጋን ነው። እንዲያውም ለተሳፋሪው መከታው እሱ ነው። ማታ ዝናብ ሲጥልና ሰልፉ ሲረዝም ታሪፉ ይረሳል፣ ያኔ ሰው ይበዘበዛል።

ስለዚህ «አሜሪካ በቻይና ላይ ታሪፍ ጣለች» የሚል ዜና ሲመጣ ጆሮ ትንሽ ግር ይለዋል። በእኛ አነጋገር ታሪፍ ይወጣል እንጂ አይጣልም። የሚጣለው ቀረጥ ነው። ቀረጥን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይወደውም። ማቴዎስ ቀራጭ ነበር፣ ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ ነበር። ሁለቱም ሕዝቡ የሚጠላው ሥራ ላይ እንደነበሩ ወንጌሉን የሰማ ሁሉ ይረዳል። ታሪፍ ግን እንዲህ ያለ መጥፎ ስም የለውም። ጨዋ ቃል ነው። ትራምፕ ስለ ውበቱ ሲናገሩ በቃሉ ምትክ «ቀረጥ» ቢሉ ኖሮ ያ ሁሉ ጭብጨባ የሚኖር አይመስለኝም።

እንግሊዝኛ ራሱ በዚህ ጉዳይ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። አሜሪካዊው ታሪፍ ሲል ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚያስበው ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚከፈልበትን ቀረጥ ነው። እንግሊዛዊው ግን እንደኛው ነው። የሆቴል ክፍል ዋጋ፣ የሞባይል ጥቅል፣ የጋዝና የመብራት ሒሳብ ታሪፍ ይባላሉ። ለንደን ያሉ ወገኖቻችን ከኤሌክትሪክ ድርጅታቸው ጋር የሚጨቃጨቁት በታሪፍ ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው በአመክሮ ለመውጣት ከማመልከቱ በፊት የግድ መቀመጥ ያለበት ዓመት «ታሪፍ» ይባላል። ወንጀሉም ዋጋ ተቆርጦለታል ማለት ነው። እስከ 2002 ድረስ በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸውን ሰዎች ታሪፍ የሚወስነው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነበር። በዚያ ዓመት «የሕግ ጌቶች» የሚባሉት፣ ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበሩት ዳኞች፣ ፖለቲከኛ ይህን ሊወስን አይገባም ብለው ፈረዱ።

የቃሉ ሥር ዓረብኛ ነው። «ተዕሪፍ» ማለት ማሳወቅ፣ ማስተዋወቅ ማለት ነው። የመጣው «ዐረፈ» ከሚለው፣ «ዐወቀ» ማለት ከሆነው ግሥ ነው። (የግዕዙ ዐረፈ ሌላ ነው። ፊደሉ ቢመሳሰልም አንድ ላይ የሚያስራቸው ነገር የለም።) የሜዲትራኒያን ነጋዴዎች አንዱ ወደብ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ማሳወቂያውን ነበር። ለቅመም ስንት ይከፈላል፣ ለሐር ስንት፣ ለዘይት ስንት? ዝርዝሩ ቃሉን ወሰደው። ከጣልያኖች ጋር ሲገበያይ «ታሪፋ» ሆነ። በ1503 ቬኒስ ላይ የታተመ አንድ የነጋዴዎች መመሪያ በርዕሱ ላይ ታሪፋ የሚለውን ቃል ይዟል። ውስጡ ግን በብዛት የሚገኘው ቀረጥ ሳይሆን የየከተማው ክብደትና መለኪያ ነው። የቬኒስ ነጋዴ እስክንድርያ ላይ ሚዛኑ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያይበት ሰንጠረዥ ነበር። ፈረንሳዮች «ታሪፍ» አሉት። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ያኔም መጀመሪያ የሒሳብ ማቅለያ ሰንጠረዥ ማለት ነበር።

በዚያ ዘመን ከወደብ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ የገባው ቃል እሱ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች «አቬሬጅ» የሚሉት፣ ተማሪ ሁሉ ውጤቱን የሚያሰላበት ቃል፣ የመጣው በባሕር ላይ የተበላሸ ዕቃ ከሚል የዓረብኛ ቃል ነው። መርከብ ላይ ጉዳት ሲደርስ ኪሳራውን ነጋዴዎቹ እንደየድርሻቸው ይካፈሉት ነበርና፣ ጉዳቱ ቀርቶ «አማካይ» የሚለው ትርጉም ተረፈ። የእኛው ጉምሩክም ተመሳሳይ መንገደኛ ነው። የቱርኮች «ጉምሩክ» ከግሪክ የመጣ ነው፣ ግሪኩም ከላቲን «ኮሜርቺዩም»፣ ንግድ ከሚለው ቃል።

የ«ተዕሪፍ» ልጆች በየአገሩ የተለያየ ሥራ ይዘዋል። በስዋሂሊ «ታአሪፋ» ማለት መረጃ ነው። የምሽት ዜና ሲጀምር «ታአሪፋ ያ ሐባሪ» ይባላል። በቱርክ «ታሪፍ» የምግብ አሠራር መመሪያ ነው፣ «ታሪፌ» ደግሞ የጀልባ ሰዓት ማሳወቂያ። ግብጽ ውስጥ ግማሽ ቂርሽ የሚያወጣው ሳንቲም «ተዕሪፋ» ይባል ነበር። በዕብራይስጥ «ተዓሪፍ» የአውቶቡስ ዋጋ ነው፣ ቀረጥ ግን ሌላ ጥንታዊ ስም አለው። እስራኤል ያሉት ወገኖቻችን ሁለቱን ሳይቀላቅሉ ይናገራሉ ማለት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩትም የመብራትና የውኃ ሒሳብ ሲመጣ የሚያነቡት ይኸንኑ ቃል ነው። አብዛኞቹ ልጆች ከአባታቸው ብዙ አልራቁም። ማሳወቅ፣ ዝርዝር፣ ዋጋ። ወደ ጠብ የሄደው በዋናነት የአሜሪካው ነው።

አንድ ተረት እዚህ ላይ ልጥቀስ፣ በየጊዜው ስለሚነሣ። ስፔን ጫፍ ላይ፣ ከሞሮኮ ፊት ለፊት፣ ታሪፋ የምትባል ከተማ አለች። ቃሉ ከእሷ መጣ፣ ዘራፊዎች በጠባቡ የባሕር መተላለፊያ የሚያልፉትን መርከቦች ያስከፍሉ ስለነበር ነው የሚል ወሬ አለ። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን አይሆንም። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ710 እዚያ ጦር ይዞ ከወረደው ከጠሪፍ ኢብን ማሊክ ነው። የዚህን ስም በዓረብኛ ሲጽፉት የሚጀምረው በእኛ ጠ በሚመስለው ድምፅ ነው፣ ዐይንም የለበትም። ተዕሪፍ ግን በተ ይጀምራል፣ መሐሉም ላይ ዐይን አለ። አውሮፓውያኑ ሁለቱን ድምፆች ስለማይለዩ ነው የተምታታባቸው። አማርኛ ለሚያነብ ሰው ግን ጠሪፍና ተዕሪፍ ተቀላቅለው ሊጠፉበት አይችሉም።

ወደ አማርኛ በየት በኩል ገባ ለሚለው፣ እኔ ወደ ፈረንሳይኛው አደላለሁ። ከጣልያን የመጡት ቃላት መጨረሻቸውን አይጥሉም። ማኪና፣ ፋብሪካ፣ ፖስታ። ከጣልያን ቢሆን ኖሮ «ታሪፋ» ብለን በቀረን። ለገሀርን ያመጣልን የምድር ባቡር ፈረንሳይኛ ደግሞ የጭነትና የመንገደኛ ዋጋ ዝርዝር ይዞ መምጣቱ አይቀርም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ቃሉ እንዴት ጠበበ? መልሱ ያለው በበጀቱ ነው። አዲሱ ኮንግረስ በ1789 ካወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሕጎች አንዱ የታሪፍ ሕግ ነበር፣ ጆርጅ ዋሽንግተን የፈረሙትም ሐምሌ 4 ቀን ነው። በ1913 የገቢ ግብር ሕገ መንግሥታዊ እስኪሆን ድረስ የፌደራል መንግሥቱ በዋናነት ይኖር የነበረው በወደብ ገቢ ነው። ስለዚህ የመቶ ዓመት ፖለቲካ ማለት የታሪፍ ፖለቲካ ነበር። ሰሜኑ ፋብሪካ ስላለው ከፍ ይበል ይላል፣ ደቡቡ ጥጥ ሸጦ ዕቃ ከአውሮፓ ስለሚገዛ ዝቅ ይበል ይላል። የ1828ቱን ሕግ ደቡቦች «የርኩሰት ታሪፍ» ብለው ሰየሙት። ሳውዝ ካሮላይና በ1832 ሕጉ እኔ ዘንድ አይሠራም ብላ አወጀች፣ ነገሩም ጦር ለመማዘዝ ጥቂት ቀረው። በ1930 ደግሞ ስሙት-ሆውሊ የሚባለው ሕግ ወጣ። 1,028 ኢኮኖሚስቶች ፈርመው ተው ቢሉም ፕሬዚዳንት ሁቨር አልሰሙም። ሌሎች አገሮች አጸፋውን መለሱ፣ ዓለም አቀፉም ንግድ ይብሱን ደቀቀ። ከዚያ ጣጣ የተማሩ 23 አገሮች በ1947 ጄኔቫ ላይ ጠቅላላ የታሪፍና የንግድ ስምምነትን ፈረሙ። የዛሬው የዓለም ንግድ ድርጅት የዚያ ወራሽ ነው።

ለእኔ የሚጥመኝ ክፍል ግን ሌላ ነው። በዓረብኛ «ተዕሪፍ» ማለት ብያኔም ነው፣ አንድ ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ መናገር። የጉምሩክ ታሪፍ በትክክል ይህን ነው የሚሠራው። የዓለም ዕቃ ሁሉ ስም ተሰጥቶት፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከጎኑ ዋጋ የተጻፈበት ግዙፍ መዝገብ ነው። ከ1988 ጀምሮ አብዛኛው ዓለም አንድ ዓይነት ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይጠቀማል። ቡና 0901 ነው። ያልተቆላ፣ ካፌኑ ያልወጣለት ቡና 0901.11። ጅቡቲም ላይ፣ ኒውዮርክም ላይ፣ አዲስ አበባ ጉምሩክም ላይ ያው ነው። ስያሜህ ከተቀየረ ሒሳብህ ይቀየራል። ስለዚህ ነጋዴዎች ስለ ትርጉም ይካሰሳሉ።

ከሁሉ የታወቀው የቲማቲሙ ክስ ነው። በ1883 የወጣው የአሜሪካ ታሪፍ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ጣለ፣ ፍራፍሬን ግን በነጻ አሳለፈ። ኒክስ የሚባሉ የኒውዮርክ ነጋዴዎች ከካሪቢያን ደሴቶች ቲማቲም ያስገቡ ነበር። ኤድዋርድ ሄደን የሚባለው የወደቡ ቀራጭ አስከፈላቸው። እነሱ ደግሞ ቲማቲም ፍሬ ነው፣ ገንዘባችን ይመለስ ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጠበቆች መዝገበ ቃላት ይዘው ገብተው ለዳኛ አነበቡ። ፍርድ ቤቱ በ1893 በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በዕፅዋት ሳይንስ ቲማቲም ፍሬ ነው፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሕዝቡ የሚበላው ከምሳና ከራት ጋር እንጂ ከምግብ በኋላ ለማጣፈጫ ስላልሆነ ለቀረጥ ጉዳይ አትክልት ነው አለ። ኒክሶች ተሸነፉ።

ከ110 ዓመት በኋላ፣ በ2003፣ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት ኤክስ-ሜን የሚባሉት የኮሚክ ጀግኖች ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል ጥያቄ ቀረበለት። ሰው የሚወክል አሻንጉሊት 12 በመቶ ይከፈልበታል። ሰው ያልሆነ ፍጡር የሚወክል መጫወቻ ግን 6.8 በመቶ ብቻ። አስመጪው ኩባንያ ለቅናሹ ሲል የራሱን ጀግኖች ሰው አይደሉም ብሎ ተከራከረ፣ ረታም። የኮሚኩ አንባቢዎች ግን አዘኑ፤ የታሪኩ ጭብጥ እኮ እነዚህ ፍጡራን እኛም ሰዎች ነን እያሉ የሚታገሉበት ነው። የሸራ ጫማ ሶል ላይ ስስ ጨርቅ መሰል ሽፋን ለጥፎ ጫማውን የቤት ነጠላ ጫማ አስብሎ ማስገባትም የታወቀ ዘዴ ነው። ጨርቁ ሁለት ቀን ከተራመዱበት ያልቃል። ወደብ ላይ ግን ሥራውን ሠርቷል።

እንግዲህ በእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ውስጥ አንድ ነገር አልተነካም። ዝርዝሩ ይከብድ ይሆናል፣ አስቂኝም ይሆናል፣ ግን ታውቆ ይቆያል። ኒክስ ቲማቲሙን ሲጭን 10 በመቶ የሚባል ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር። የ2025ቱ ታሪፍ የሸሸው ከዚህ ነው።

ሚያዝያ 2 ቀን 2025 ትራምፕ በዋይት ሐውስ የአበባ ግቢ ትልቅ ሰሌዳ ይዘው ወጡ። በአንድ በኩል የአገር ስም፣ በሌላው በኩል መቶኛ። በመልኩ የቬኒስ ነጋዴ የሚያውቀው ዓይነት ታሪፋ ነበር። ሌሶቶ 50 በመቶ ተጻፈባት። ሰው የማይኖርባቸው፣ ፔንግዊን ብቻ ያሉባቸው የሄርድና የማክዶናልድ ደሴቶች 10 በመቶ አገኙ። ኢትዮጵያም 10 በመቶ። ከፍ ያሉት ቁጥሮች ሥራ ላይ በዋሉበት በሚያዝያ 9 ቀን ዕለት ከቻይና በስተቀር ለ90 ቀናት ቆሙ። የቻይናው ወደ 145 በመቶ ወጣ፣ በግንቦት ደግሞ ወደ 30 ወረደ። ሌሶቶ በነሐሴ ወር 15 በመቶ ላይ ተገኘች። መርከብ ከሻንጋይ ተነሥቶ ሎስ አንጀለስ እስኪደርስ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። ታሪፉ የሚነገረው በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሆነ። ማንም ሳያውቀው የሚለወጥ ማሳወቂያ ማለት ነው።

የሚከፍለውስ ማን ነው? «በኢትዮጵያ ላይ ታሪፍ ተጣለ» ሲባል የኢትዮጵያ መንግሥት ቼክ የሚጽፍ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ቀረጡን ለአሜሪካ ጉምሩክ የሚከፍለው ዕቃውን ያስገባው አስመጪ ነው፣ ብዙውን ጊዜም አሜሪካ ውስጥ ያለ ድርጅት። ከዚያ በኋላ ሦስት ምርጫ አለው። ከትርፉ ይቀንሳል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይም ሻጩን ቀንስልኝ ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ይሆናል። እዚህ ላይ «ታሪፍ» የሚለው ጨዋ ቃል እውነቱን ይጋርዳል፣ ስለዚህ ለገንዘቡ «ቀረጥ» ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። ቀረጥ ስትል ሰው ወዲያው «ማን ላይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ቡናችንን እንውሰድ። ጥሬ ቡና ወደ አሜሪካ ሲገባ ለረጅም ጊዜ ዜሮ ነበር የሚከፈልበት። አሜሪካ ከሐዋይና ከፖርቶ ሪኮ ጥቂት ቡና በስተቀር የምትከላከለው ቡና የላትም። ከሚያዝያ 5 ጀምሮ ግን በሲዳማና በይርጋጨፌ ቡና ላይ 10 በመቶ ተጨመረ። የብራዚል በነሐሴ ወር 50 በመቶ ገባ። ብራዚል ትልቋ የቡና አቅራቢ ስለሆነች ሱፐርማርኬት ውስጥ ዋጋው ወጣ፣ ደንበኛውም አጉረመረመ። በኅዳር 14 ቀን ቡና፣ ሙዝ፣ የበሬ ሥጋና ሌሎችም ከዝርዝሩ ወጡ። የብራዚሉ ቡናም በቀጣዩ ሳምንት ተከተለ። መንግሥት ዋጋ ለማስታገስ ሲል ታሪፍ ማንሣቱ፣ ማን ሲከፍል እንደቆየ ከማንም ኢኮኖሚስት በላይ ያስረዳል።

በልብስ በኩል የእኛ ጉዳት ከዚያ ይቀድማል። አጎዋ በሚባለው በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት የኢትዮጵያ ልብስ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ኢትዮጵያ በጦርነቱ ምክንያት ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጣች። እዚያ ያለው ቀረጥ እንደ ቡናው ዜሮ አልነበረም። በሰው ሠራሽ ጨርቅ ልብስ ላይ እስከ 32 በመቶ ይደርሳል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ትዕዛዝ የደረቀው ለዚህ ነው።

ዲሲና አካባቢው ያሉት ደግሞ ነገሩን በፖስታ በኩል አወቁት። ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው አሠራር ነሐሴ 29 ቀን 2025 ለሁሉም አገር ቆመ። ለግል ስጦታ የተላከ ከ100 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ነጻ መሆኑ ቀጥሏል። እናት የላከችው በርበሬ ስጦታ ነው። ለሽያጭ የታዘዘ የሐበሻ ቀሚስ ግን ንግድ ነው።

በመጨረሻም ቃሉ ራሱ ፍርድ ቤት ቆመ። ትራምፕ አብዛኛውን የአገሮች ታሪፍ ያወጁት በ1977 በወጣ የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ነው። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ በአደጋ ጊዜ ወደ አገር የሚገባን ነገር «መቆጣጠር» ይችላሉ ይላል። ማገድ፣ መመርመር፣ መከልከል የሚሉ ቃላትም አሉበት። ታሪፍ የሚል ግን አንድም ቦታ የለም። ቀረጥም ግብርም አይልም። አነስተኛ አስመጪዎችና 12 ክፍለ ግዛቶች ከሰሱ። የንግድ ፍርድ ቤቱ በግንቦት፣ የይግባኙ ደግሞ በነሐሴ 2025 በ7 ለ4 ድምፅ ለከሳሾቹ ፈረዱ። ኅዳር 5 ቀን ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። የመንግሥት ጠበቃ «መቆጣጠር» ሲባል ታሪፍም አብሮ ይገባል፣ ደግሞም ይህ ታሪፍ ለመቆጣጠር እንጂ ገንዘብ ለመሰብሰብ አይደለም አሉ። ፕሬዚዳንቱ በበኩላቸው ታሪፉ ስንት ቢሊዮን እንዳስገባ በየመድረኩ ይናገሩ ነበር። ዋና ዳኛው ሮበርትስ በአሜሪካውያን ላይ ግብር መጣል ሁልጊዜም የኮንግረስ ዋና ሥልጣን መሆኑን አስታወሱ። የሚገርመው፣ ያንን ሥልጣን ለኮንግረስ የሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ግብርንና የተለያዩ የቀረጥ ዓይነቶችን በስማቸው ይዘረዝራል፤ «ታሪፍ» የሚለው ቃል ግን እዚያም የለም።